ግብጦን ከምሬቱ አላቆ ለማዕድ ማቅረብ፦ ስታርች ለቀነሰ ቤተሰብ የሚሆኑ የጎጃም የዕፅዋት ፕሮቲኖች

ስኳርንና ስታርችን፣ ማለትም በእህልና በድንች ውስጥ በብዛት ያለውንና ሲፈጭ ወደ ስኳር የሚለወጠውን ክፍል፣ ቀንሶ መመገብ የሚፈልግ ሰው ከውጭ የሚመጣውን ምክር ሲያነብ በአብዛኛው የሚያገኘው ሥጋ፣ ዕንቁላል፣ ዓሣና አይብ ነው። ይህ ምክር ረቡዕንና ዓርብን፣ የ55 ቀኑን ዐቢይ ጾምና ፍልሰታን ለሚጾም የጎጃም ቤተሰብ ለዓመቱ ብዙ ክፍል አይሠራም። ጾሙ ሲገባ ማዕዱ ወደ እንጀራና ሽሮ ይመለሳል፤ ሽሮውም «ፕሮቲን ስለሆነ አይጎዳም» እየተባለ ሳይመጠን ይበላል። ስህተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ጥራጥሬ ሁሉ ፕሮቲን ቢኖረውም ጥራጥሬ ሁሉ ስታርቹ ያነሰ አይደለም።

በምሥራቅ ጎጃም ጥቁር አፈር ላይ ክረምቱ ከወጣ በኋላ በቀረው እርጥበት የሚበቅለው ሽምብራ፣ በ100 ግራም ደረቅ ፍሬ ውስጥ ወደ 20 ግራም ፕሮቲን ሲኖረው፣ ካርቦሃይድሬቱ፣ ማለትም ስኳሩ፣ ስታርቹና ፋይበሩ በአንድነት፣ ግን ከ60 ግራም ያልፋል፤ ከዚህ ውስጥ በአንጀት የማይፈጨው ክፍል፣ ፋይበር የሚባለው፣ 12 ግራም ያህል ብቻ ነው። ምስርም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ፕሮቲኑ ወደ 25 ግራም ከፍ ይላል እንጂ ካርቦሃይድሬቱ ያው ከ60 ግራም በላይ ነው። ባቄላና አተርም ከነዚሁ ወገን ናቸው። በዚህ ላይ በ100 ግራም ዱቄቱ ወደ 73 ግራም ካርቦሃይድሬት ያለው የጤፍ እንጀራ ሲጨመር፣ ሽሮ በእንጀራ ማለት ስታርች በስታርች ማለት ይሆናል። ጤናማ ለሆነና ቀኑን ሙሉ በእርሻ ለሚደክም ሰው ይህ ምንም ነውር የለውም፤ በሐኪም ምክር ወይም በራሱ ውሳኔ ስታርች ለሚቀንስ ሰው ግን ሌላ መላ ያስፈልገዋል። መላው ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ በአዊ፣ በሜጫ፣ በሰከላና በዳንግላ አካባቢ በቀይ፣ አሲዳማ መሬት ላይ ያለ ማዳበሪያ የሚበቅለው መራራ ጥራጥሬ፣ ግብጦ ነው።

ግብጦ ለምን ይቀድማል

ነጩ ግብጦ በ100 ግራም ደረቅ ፍሬው ውስጥ ወደ 36 ግራም ፕሮቲንና 10 ግራም ያህል ቅባት ይዟል። ካርቦሃይድሬት ተብሎ የሚቆጠረው ክፍሉ አብዛኛው ፋይበር ሲሆን ስታርቹ በጣም ጥቂት ነው። ተቀቅሎና ውሃ ጠጥቶ ለመብላት ሲደርስ በ100 ግራም ውስጥ የሚቀረው ፕሮቲን ከ15 እስከ 16 ግራም ሲሆን ካርቦሃይድሬቱ 10 ግራም ያህል ነው። በዚሁ መጠን የተቀቀለ ሽምብራ 9 ግራም ያህል ፕሮቲንና 27 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው። እንግዲህ የፕሮቲኑ ከፍታና የስታርቹ ዝቅታ በአንድ ፍሬ ላይ የተገናኙት በግብጦ ነው፤ ከእኛ አገር ገበያ ከጥራጥሬ ወገን በዚህ የሚቀራረበው አኩሪ አተር ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ የያዘ ፍሬ በብዙ ቤት የድሃ ምግብ፣ የልጆች መቆርጠሚያ ወይም የአረቄ እህል ተደርጎ መታየቱ ይገርማል። የግብጦ አረቄ በጎጃም ስሙ የታወቀ ቢሆንም፣ ሲጣራ ወደ ብርጭቆው የሚወርደው አልኮሉና ሽታው ስለሆነ ከፕሮቲኑ ምንም እንደማይተላለፍ ጠጪው ቢያውቀው መልካም ነው።

ግብጦን ያስናቀው ምሬቱ ነው። ምሬቱም ዝም ብሎ የጣዕም ጉዳይ አይደለም፤ ሉፓኒንን የመሰሉ አልካሎይድ የሚባሉ መርዛም ንጥረ ነገሮች በፍሬው ውስጥ ስላሉ ነው። ምሬቱ ሳይወጣ የበላ ሰው አፉ ይደርቃል፣ የዐይኑ ብሌን ይሰፋል፣ እይታው ይደበዝዛል፣ ልቡ ይመታል፣ ያዞረዋል፣ ሽንት እምቢ ሊለውም ይችላል። እንዲህ ያለ ምልክት የታየበት ሰው፣ በተለይም ሕፃን ከሆነ፣ ወተት እያጠጡ ከመጠበቅ ይልቅ በቶሎ ወደ ጤና ተቋም ሊወሰድ ይገባዋል። እነዚህ አልካሎይዶች በእሳት አይጠፉም፤ የሚጠፉት በውሃ ነው። በመሆኑም ቆልቶ ብቻ ወይም ቀቅሎ ብቻ መብላት አይቻልም፤ ውሃው እየተቀየረ ለቀናት መዘፍዘፉ የግድ ነው።

ምሬቱን የማውጣት ሥራ

በገጠሩ የሚታወቀው አሠራር ግብጦውን በምጣድ ማመስ፣ በጆንያ ቋጥሮ በሚፈስ ወንዝ ውስጥ ድንጋይ ጭኖበት ለቀናት ማቆየት፣ ከዚያም ልጣጩን እየገፈፉ እንደ አሹቅ መብላት ነው። አሠራሩ ብልሃት አለው፤ እሳቱ ፍሬው እንዳይበቅል ይገድለዋል፣ ውስጡንም ያላላዋል፣ የሚፈሰው ውሃ ደግሞ የወጣውን ምሬት እየጠረገ ይወስዳል። የከተማ ወንዝ ግን ለዚህ አይሆንም። ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ላይ የሚኖር ሰው በባልዲና በድስት ሥራውን በቤቱ ሊጨርሰው ይችላል፤ ከታች የተጻፈውም ይኸው ነው።

መጀመሪያ ግብጦው በሰፌድ ላይ ተዘርግቶ ይለቀማል። የሻገተ፣ የጠቆረ፣ የተጨማደደና ነቀዝ የበላው ፍሬ ሁሉ መውጣት አለበት፤ የሻጋታ መርዝ እንደ ምሬቱ በመዘፍዘፍ ይወጣል ተብሎ አይታመንምና። ከተለቀመና ከታጠበ በኋላ የፍሬውን አራት እጥፍ በሚሆን ንጹሕ ውሃ ተዘፍዝፎ ያድራል፤ ፍሬው ስለሚያብጥ ዕቃው ሰፊ ይሁን። ሲነጋ ያደረበት ውሃ ይደፋል። ይህ ውሃ ምሬቱን የያዘ ስለሆነ ለላም፣ ለዶሮም ሆነ ለውሻ መሰጠት የለበትም።

ቀጥሎ በአዲስ ውሃ ይቀቀላል። ከፈላ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል በቂ ነው፤ ነገር ግን ይህ ጊዜ እንደ አገሩ ከፍታ ይለያያል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሚገኙ ውሃ በሁለቱም ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ በደጋው ላይ ያለ ሰው ሃያና ሠላሳ ደቂቃ መጨመር ይኖርበታል። የሚፈለገው ፍሬው ሳይፈርስ በጣት ሲጫኑት እንዲለሰልስ ነው። መቀቀሉ ሁለት ጥቅም አለው፤ ፍሬው በውሃ ውስጥ እንዳይበቅል ያደርገዋል፣ የውስጡንም ግድግዳ አላልቶ አልካሎይዱ በቀላሉ እንዲወጣ መንገድ ይከፍታል። የተቀቀለበት ውሃም እንደ መጀመሪያው ይደፋል፤ መረቁን ለወጥ ማስቀረት ፈጽሞ አይገባም።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት ብቻ ነው። የተቀቀለው ግብጦ በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ተዘፍዝፎ፣ ውሃው ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ይቀየራል። ጊዜ የሌለው ሰው በቀን ሁለቴ ሊቀይር ይችላል፣ ግን ቀኑ ይረዝምበታል። ብዙውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ይፈጃል። እንደ እንጅባራ ባለ ብርድ አገር ባልዲው ከጥላ ሥር ቢቀመጥ ይበቃዋል፤ ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው ቆላ ግን ውሃው ቶሎ ስለሚኮመጥጥ ቶሎ ቶሎ መቀየር ወይም ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ውሃው ልጋግ ከያዘ፣ ፍሬው ካሟለጨ ወይም መጥፎ ሽታ ካመጣ ተበላሽቷልና ይጣላል።

መድረሱን የሚነግረን ምላስ እንጂ የቀን ቁጥር አይደለም። ከባልዲው ላይኛው፣ መካከለኛውና ታችኛው ክፍል ጥቂት ጥቂት ፍሬ ተወስዶ አንድ በአንድ ይታኘካል፤ ከመዋጡ በፊት ምሬት ከተሰማ ይተፋል፣ ዘፍዛፊውም አንድ ወይም ሁለት ቀን ይጨምራል። ከተቀመሱት አንዷ እንኳ መራራ ከሆነች ሁሉም አልደረሰም ማለት ነው። ቀማሹ ቡና የጠጣ፣ ሚጥሚጣ የበላ ወይም ጉንፋን የያዘው አይሁን፤ ቢቻል ሁለት ሰው ቢቀምሰው ይመረጣል። ጨው የሚገባው ምሬቱ ካለቀ በኋላ በመጨረሻው ውሃ ላይ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ምሬቱን ይሸፍንና ቀማሹን ያታልላል።

አንድ ኪሎ ደረቅ ግብጦ በዚህ ሁኔታ ሲዘጋጅ ሁለት ኪሎ ያልፋል። በፍሪጅ ውስጥ በጨው ውሃ ተዘፍዝፎ፣ ውሃው በየሁለት ቀኑ እየተቀየረ ከአምስት እስከ ስድስት ቀን ይቆያል። ከገበያ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን የሚገዛ ሰውም እንዲሁ ቀምሶ ይግዛ፤ በምን ውሃ እንደተዘፈዘፈ ስለማይታወቅም ቤት ወስዶ በንጹሕ ውሃ ደግሞ አፍልቶ ቢያጠልለው ጥሩ ነው።

ከማዕድ ላይ

ምሬቱ የወጣ ግብጦ በራሱ ምግብ ነው። ልጣጩ በሁለት ጣት ሲጫኑት ይወጣል፤ ልጣጩ ፋይበር ስለሆነ ጥርሱ የሚችል ሰው ባያወጣውም ይሻለዋል። በቀይ ሽንኩርት፣ በቃሪያ፣ በቲማቲምና በሎሚ ተለውሶ፣ ጥቂት የኑግ ዘይት ጠብ ተደርጎበት ሲቀርብ እንጀራ ሳይፈልግ የሚያጠግብ ምሳ ይሆናል። እንደ አዚፋ በሰናፍጭ ተለውሶም ይበላል፤ አዚፋ በምስር ሲሠራ ያለውን ስታርች ግብጦው ይቀንሰዋል፣ የሰናፍጩም ቁጣ ለግብጦው ወፍራም ጣዕም ይስማማዋል። በጎመን ውስጥ ደግሞ፣ ጎመኑ ከበሰለ በኋላ አንድ ሁለት እፍኝ ገብቶ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ቢንተከተክ የጾም ጎመንን በሥጋ የተሠራ ያህል ያጠግባል።

ሽሮ መሥራት የፈለገ ሰው ምሬቱ ያለቀውን ግብጦ ልጣጩን ገፍፎ፣ በፀሐይ በደንብ አድርቆ፣ በምጣድ በለዘብተኛ እሳት አመስ አመስ አድርጎ፣ ከበርበሬ፣ ከደረቀ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ከኮረሪማ፣ ከበሶብላ፣ ከነጭና ጥቁር አዝሙድ ጋር ያስፈጨዋል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ የለበትም፤ ያልተዘፈዘፈ ግብጦ ተፈጭቶ ከሽሮ ጋር ከተቀላቀለ ምሬቱን መልሶ ማውጣት አይቻልም። ወፍጮ ቤት ሲኬድም ከፊት የተፈጨው በቆሎ ወይም ጤፍ በወፍጮው ውስጥ ስለሚቀር፣ የመጀመሪያው አንድ ሁለት እፍኝ ዱቄት ለብቻው ቢያዝ ይመረጣል።

የግብጦ ሽሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራች ሴት «አልወፈረልኝም» ብላ ብታማርር እውነት አላት። ተራውን ሽሮ የሚያወፍረው የሽምብራው ወይም የባቄላው ስታርች ነው፤ ግብጦ ደግሞ ስታርቹ ጥቂት ስለሆነ ዱቄቱ ከውሃው ጋር አይዋሐድም፣ እየዘቀጠ ሻካራ ይሆናል። ለዚህ ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛው ሦስት እጅ ግብጦ በአንድ እጅ ሽምብራ ማስፈጨት ነው፤ ስታርቹ ይኖራል፣ ግን ከሽምብራ ሽሮው በእጅጉ ያነሰ ነው። ሁለተኛው፣ ለጠንቃቃው የሚሆነው፣ ወጡ ሊወጣ ሲል አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ መጨመር ነው፤ የተልባው ልጋግ ሽሮውን ይይዘዋል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፣ ምንም እንኳ ተልባ የበዛበት ሽሮ ለለመደው ሰው እንግዳ ቢሆንም።

የቅባት እህሎቹ ድርሻ

ግብጦ በፕሮቲኑ ብዛት የተመሰገነ ቢሆንም ሜታዮኒን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል። ይህን የሚያሟላው ሰሊጥ ነው። የተቆላ ሰሊጥ በሙቀጫ ተወቅጦ በግብጦ ላይ ቢነሰነስ ጣዕሙም ጥቅሙም ይሞላል። ሰሊጥ በ100 ግራም 18 ግራም ያህል ፕሮቲን ቢኖረውም ግማሹ ቅባት ስለሆነ የሚበላው በማንኪያ እንጂ በእፍኝ አይደለም። ኑግም እንዲሁ፤ ለዘይት ብቻ የሚታሰብ ቢሆንም ተቆልቶና ተወቅጦ ከነሙሉ አካሉ ሲበላ ፕሮቲኑና ፋይበሩ አብረው ይገኛሉ። የኑጉ ቆሎ ከገብስ ጋር ሲደባለቅ ግን ስታርቹ እንደሚመለስ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ተልባ ከካርቦሃይድሬቱ ዘጠኝ አሥረኛው ያህል ፋይበር ስለሆነ ለዚህ አመጋገብ የተፈጠረ ይመስላል። በለዘብታ ይታመሳል፣ ይፈጫል፣ በውሃ ይበጠበጣል። ሳይፈጭ የተዋጠ ተልባ እንደገባ ስለሚወጣ ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ ከተፈጨ በኋላ ደግሞ ቅባቱ ቶሎ ስለሚበላሽ የሳምንት ያህል ብቻ ፈጭቶ በተከደነ ዕቃ ማስቀመጥ ይገባል። ውሃውን አጥልሎ አተላውን መድፋት የብዙ ቤት ልማድ ነው፤ ስታርች የሚቀንስ ሰው ግን አተላውንም ይጠጣው። ማርም ስኳርም አይጨመርበትም።

የዱባ ፍሬ ከሁሉም ይልቅ የሚባክነው ነው። ዱባው ሲከተፍ ፍሬው ከውስጡ ጋር አብሮ ይደፋል፤ ነገር ግን በ100 ግራም ውስጥ 30 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በጨው ተቆልቶ ከቡና ጋር ቢቀርብ በፈንዲሻ ምትክ ይሆናል። ኦቾሎኒም በልኩ ይበላል። አኩሪ አተር በፓዌና በመሳሰሉት ቆላ ቦታዎች ይመረታል፤ ፕሮቲኑ ከግብጦ ጋር እኩል ሲሆን መራራም አይደለም፤ ነገር ግን ጥሬው የፕሮቲንን መፈጨት የሚያግድ ነገር ስላለበት ተዘፍዝፎ አድሮ በደንብ መቀቀል አለበት።

ጓያን በተመለከተ አጭር ቃል ይበቃል። ፕሮቲኑ ከፍተኛ ነው፣ ርካሽም ነው፤ ስታርቹም ግን እንደ ሌሎቹ ጥራጥሬዎች ብዙ ነው፤ ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ደግሞ በውስጡ ያለው መርዝ እግርን ያሽመደምዳል፣ ጉዳቱም አይመለስም። ለዚህ አመጋገብ አይመረጥም።

የአንድ ጾም ቀን መጠን

60 ኪሎ የሚመዝን ጤናማ አዋቂ በቀን 48 ግራም ያህል ፕሮቲን ይበቃዋል። ቀን ከጾም መውጫ በኋላ 200 ግራም የተዘጋጀ ግብጦ በሽንኩርትና በሎሚ የበላ ሰው 31 ግራም ያህል ያገኛል። በዚሁ ላይ 30 ግራም የዱባ ፍሬ 9 ግራም ይጨምራል። ማታ ጎመን፣ ሩብ እንጀራ፣ ጥቂት የግብጦ ሽሮና ሁለት ማንኪያ የተወቀጠ ሰሊጥ ወይም ተልባ ሲታከልበት የቀኑ ድርሻ ሞልቷል። እንጀራውን ጭራሽ መከልከል አስፈላጊ አይመስለኝም፤ በአገራችን እንጀራ ማንኪያም ጭምር ነውና ወጡን አብዝቶ እንጀራውን ማሳነስ ከመከልከል ይልቅ ይዘልቃል። ድንች በበዛበት የአዊ ማዕድ ግን የድንቹ ወጥ ከእንጀራው እኩል መቆጠር አለበት። ጾም ባልሆነ ቀን ዕንቁላልና አይብ ሲገቡ የግብጦው መጠን ይቀንሳል።

ያልለመደው ሰው በአንድ ጊዜ ሳህን ሙሉ ከመብላት በእፍኝ ይጀምር፤ ፋይበሩና በአንጀት የማይፈጩት ስኳሮቹ ሆድ ይነፋሉ። ለኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ሰው ለግብጦም ሊኖርበት ስለሚችል ያለ ሐኪም ምክር አይሞክረው። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው የፕሮቲን መጠኑን ራሱ መወሰን አይገባውም። የስኳር ሕመምተኛ ሆኖ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው ደግሞ እንጀራውን በድንገት ሲቀንስ መድኃኒቱ እንደ በፊቱ ከቀጠለ ስኳሩ ከመጠን በታች ሊወርድበት ስለሚችል፣ ከመጀመሩ በፊት መድኃኒቱን ከሚያዝለት ሐኪም ጋር ይነጋገር።

በመጨረሻም ስለ አቀማመጥ፤ ያልተዘፈዘፈው ግብጦና ምሬቱ ወጥቶ የደረቀው በዐይን ሲታዩ ስለሚመሳሰሉ በአንድ ጓዳ ጎን ለጎን መቀመጥ የለባቸውም። ጥሬው በጆንያው እንደታሰረ ልጆች በማይደርሱበት ቆጥ ላይ ይውጣ፤ የተዘጋጀው ልጣጩ ተገፎ፣ ተከክቶና በደንብ ደርቆ፣ በተከደነ ዕቃ ላይ የተዘጋጀበት ቀን ተጽፎበት ይቀመጥ።